እግረ እርጥብ

ይድረስ ለእትዬ፣

«ለአባቴ ባለቤት» ብዬ ጀምሬ ቀደድኩት። ቀጥዬ «ለተከበሩ» ብዬ ጻፍኩ፤ እሱም የመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ መሰለኝና ተውኩት። በመጨረሻ ከልጅነቴ ጀምሮ በምጠራዎት ጠራሁዎት። እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? የእህትዎ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ መሆኑን እያወቅሁ ጉልበትዎን የምጠይቅበትን አፍ ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ግን ጠየቅሁ። እህትዎስ ደህና ናቸው? እርስዎ አሁንም የሚተኙት ሳሎን ሶፋው ላይ ነው?

እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ሰላም ብላዎታለች። እኔም ያው ነኝ፤ በየሰው ግቢ እገባለሁ፣ የውሃ ቆጣሪ ክዳን እከፍታለሁ፣ ቁጥር አነባለሁ፣ ውሻ ይጮህብኛል። ይህን የምጽፈው በምሳ ሰዓት ከአንድ አጥር ሥር ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ መዝገቤን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው። ጽሑፌ ቢጣመም በድንጋዩ ያሳብቡልኝ።

የምጽፍልዎ ስለ እግረ እርጥብ ነው።

ስለዚያች ተክልዎ።

*

ባለፈው ወር፣ አባዬን ከቀበርን በአራተኛው ወር፣ ቤቱን ለአከራዩ ለማስረከብ ዕቃ ላወጣ ሄጄ ነበር። ጓሮ ዞርኩ። ከታንከሩ ጀርባ ያለው ቧንቧ እንደ ልማዱ ይንጠባጠባል። ያንን ቧንቧ ያውቁታል። ስንቴ «ላጥብቀው» አልኩዎት? አንድ ጊዜ መፍቻዬን ይዤ መጥቼ እንኳ «ተወው ልጄ፣ ይንጠብጠብ፣ ድምፁን ለምጄዋለሁ» ብለው መለሱኝ። እኔም ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ «እኔን የመሰለ የውሃ ሠራተኛ እያለ ቧንቧው ያፈሳል፤ ዝርክርክ ሴትዮ ናት» አልኳት። እንደዚህ ነው ያልኩት። አሁን ቃሉን ማለሳለስ አልፈልግም።

ያን ቀን የሚከለክለኝ ስላልነበረ አጠበቅሁት። ጠብታው ቀጥ ሲል ደስ አለኝ። የሚያፈስ ነገር ካየሁ እጄ አያርፍም፤ የሥራ በሽታ ነው።

በአራተኛው ቀን ቀሪውን ዕቃ ልወስድ ተመለስኩ። ታንከሩ ከግድግዳው ጋር የፈጠረው ክፍተት አለ፣ ሰው በጎኑ ካልሆነ የማይገባበት። እዚያ ውስጥ አንድ የቀለም ቆርቆሮ አየሁ። በቆርቆሮው ውስጥ ክብ ክብ ቅጠሎች አንገታቸውን ደፍተው ተኝተዋል። ከቧንቧው አፍ እስከ ቆርቆሮው ጨርቅ ተዘርግቷል፤ ጠብታው በጨርቁ ላይ እየተሳበ ወርዶ አፈሩን እንዲያርስ። አሁን ግን ጨርቁ ደርቆ እንደ ካርቶን ቆሟል። ያደረቅሁት እኔ ነኝ። አራት ወር ሙሉ ያለ እርስዎ ጠብቋት የኖረውን ጠብታ በአንድ ዙር መፍቻ ዘጋሁት።

ጨርቁን ፈትቼ አየሁት። የናይለን ሸሚዝ እጅጌ ነው። አረንጓዴ መስመሩ ደብዝዟል፤ በረኪና የበላው ቦታ ገርጥቶ ቀርቷል። እጅጌው ጫፍ ላይ አንድ ቀይ ቁልፍ አለ። የሸሚዙ ሌሎች ቁልፎች ነጭ ነበሩ። አንዱ ሲጠፋ እርስዎ ቤት ውስጥ ያገኙትን ቀይ ቁልፍ ሰፉልኝ፣ ልጆቹም «ትራፊክ መብራት መጣ!» እያሉ አንድ ወር ሙሉ አበሸቁኝ።

እዚያው መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ።

*

ከዚህ በታች ያለው በሌላ ቀን የተጻፈ ነው። እስክሪብቶውም ሌላ ነው።

ያውቁ ነበር።

ሃያ አምስት ዓመት አያውቁም ብዬ ኖሬያለሁ። እርስዎ ያውቁ የነበረውን ነገር እንደ አዲስ መናገር ያስቃል። ቢሆንም ከእኔ አፍ አልሰሙትም።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እርስዎ ቤታችን ከገቡ ገና አራት ወርዎ ነው። ካደጉበት ረግረግ ዳር ነቅለው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ያመጧትን ተክል የሚያኖሩበት ዕቃ ሲፈልጉ ከመጋዘን ትልቁን ሳፋ አወጡ። ሰማያዊውን፣ ጠርዙ የተላጠውን። ሟቿ እናቴ እኔን የምታጥብበት ሳፋ ነበር። እርስዎ በምን ያውቃሉ? የነገረዎት የለም። ጭቃ ሲሞሉበት በመስኮት እያየሁ ጥርሴን ነከስኩ። በየጠዋቱ ጣትዎን ከተው ውሃው ከጭቃው በላይ ሁለት ጣት መሆኑን ይለካሉ። «እቺ ልጅ እግሯ ካልራሰ ታኮርፋለች» ይሉ ነበር። እቺ ልጅ። ስሟንም እግረ እርጥብ ያሏት እርስዎ ነዎት።

ቢጫ አበባዋ በፈነዳ በሳምንቱ አንድ ጠርሙስ በረኪና ደፋሁባት። ጠርሙሱን ስገለብጥ ሸሚዜም ላይ ፈሰሰ። ሸሚዙን አልጋዬ ሥር ወሸቅሁት።

አባዬ ከሥራ ሲገባ ቅጠሉ ነጥቶ አየና «ምን ሆና ነው ይቺ?» አለ። እርስዎ «እኔው ነኝ፤ ልብስ ሳጥብ በረኪናው አመለጠኝ» አሉት። እውነትም ያን ቀን ልብስ አጥበው ነበር። እኔም በልቤ ተመስገን፣ ራሷ ያደረገችው መስሏታል አልኩ። አባዬ ሳቀ። ሲስቅ ምን እንደሚከተል ያውቃሉ። «ድሮስ አንቺ የነካሽው ነገር መቼ ፍሬ ሰጥቶ ያውቃል!» አለ።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። «እኔ ነኝ» ማለት ይበቃ ነበር። የአባዬን ቀበቶ ፈራሁ ብልዎ እውነቱ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ ደስ ብሎኝ ነበር። ያቺን ቃል ሲሰሙ ፊትዎ የሆነውን አይቼ ደስ አለኝ። ሁለቱን ጅምር የተውኩት በአጠራርዎ ምክንያት አልነበረም፤ እዚህ ላለመድረስ ነው።

እርስዎ ሥሯን ነቅለው የት እንዳደረሱት አላየሁም። ሳፋውን ወስደው አጠቡት፣ ደግመው አጠቡት፣ ፀሐይ ላይ አደረቁት። ከዚያ እኔ ክፍል አምጥተው ከበሩ ጀርባ አቆሙት። መጋዘን ሞልቶ ይሆናል ብዬ ነበር። መጋዘኑ እኮ ባዶ ነበር፣ እትዬ። ከአልጋዬ ሥር ያለውንም ሸሚዝ ስፈልገው አጣሁት። ሸሚዝህ የት ገባ አላሉኝም። በሳምንቱ አዲስ ገዙልኝ።

እኔ ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ጨዋ ልጅ እርስዎ፣ እርስዎ እያልኩ አደግሁ። ጎረቤት «አቤት አስተዳደግ!» ይል ነበር። በትህትና አጥር ማጠር እንደሚቻል ያን ጊዜ ነው የተማርኩት።

*

ስለ እሷ ልንገርዎ። አልሞተችም።

ቤት እንደወሰድኳት ወደ ትልቅ ባልዲ አዛወርኳትና ያወቅሁ መስሎኝ ከሥሩ ስድስት ቀዳዳ በሳሁለት፤ ውሃ እንዳይተኛባት። ፀሐይ ላይ አወጣኋት። ጠዋት ጠዋት ቅጠሏን እረጫለሁ። ጫፍ ጫፏ እየተቃጠለ ሲሄድ አንዷን ቅጠል ይዤ ችግኝ ጣቢያ ሄድኩ። እዚያ ያሉት ሽማግሌ ቅጠሉን አገላብጠው አዩና ባልዲው ቀዳዳ አለው ወይ አሉኝ። ስድስት አለው አልኩ፣ ኮራ ብዬ። በሳቅ ወገባቸውን ያዙ። «አንተ ሰውዬ፣ እግሯን በጥም እየገደልክ ፀጉሯን ታጥባታለህ? የረግረግ ልጅ ናት እኮ! ቀዳዳ የሌለው፣ ሰፋ ያለ ዕቃ ፈልግላት» አሉኝ። ሥራህ ምንድን ነው ሲሉኝ የውሃ ሠራተኛ ነኝ ለማለት አፈርኩ። ልብስ ሰፊ ነኝ አልኳቸው።

ቀዳዳ የሌለው ሰፊ ዕቃ ቤቴ ውስጥ አንድ ብቻ ነበር፤ ሰማያዊው ሳፋ። ካገባሁ ጀምሮ ከቤት ቤት ይዤው ስዞር፣ ባለቤቴ «ይህን ብረት ለቆራሌው ስጠው» ስትለኝ የኖረችው። ከታች ጠጠር፣ ከላይ ጥቁር ጭቃ አደረግሁበትና ሥሯን አጋደምኩላት። ቅር የሚለው ሰው ያለ አልመሰለኝም። እናቴም ብትሆን።

የቧንቧ ውሃ አንድ ቀን አሳድሬ ነው የምሰጣት፤ የመድኃኒቱ ሽታ እንዲወጣ። የበረኪና ዘመድ ነውና እፈራዋለሁ። በየጠዋቱ ሁለት ጣት እለካለሁ። የሞተ ቅጠል በጥፍሬ እቆርጣለሁ። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ «እኔ ታምሜ እንኳ እንደዚህ ጎንበስ ብለህ አይተኸኝ አታውቅም» ትለኛለች። ሳቀች ብዬ ዞር ስል አልሳቀችም። አሁን ዘጠኝ ቅጠልና አንድ እምቡጥ አላት። ያኖርኳት በጓሮ በኩል ባለችው ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ነው። ክፍሏ ባዶ ስለሆነች የሚነካካት የለም። ጠዋት ፀሐይ ይገባል፤ ከሰዓት ጥላ ነው።

«ክፍሏ ባዶ ስለሆነች» የሚለውን ልሰርዘው እስክሪብቶውን አሳረፍኩበት። አልሰረዝኩትም።

አባዬን ቀብረን ለቀስተኛው ሲበተን እህትዎ በረንዳ ላይ ይዘውኝ «ታዲያ አንተ ጋ አይሆንም?» ሲሉኝ እርስዎ አጠገባችን ነበሩ። «ቤታችን እኮ ለእኛም አልበቃን» አልኩ። እርስዎ «አውቃለሁ ልጄ፣ አታስብ» ብለው ሻንጣዎን ሊዘጉ ገቡ። ባለቤቴን እንዳይጠረጥሩ። እሷ ያን ቀን ቀና ብላ አየችኝ እንጂ አንድ ቃል አልተናገረችም። እስካሁንም አልተናገረችም። የሸሚዙን ነገር ስጽፍልዎ አንዳንዱ ሰው እያወቀ ዝም ማለት እንዴት እንደሚችል እያሰብኩ ነው።

*

ሽማግሌው እምቡጧ በሁለት ሳምንት ትፈነዳለች ብለዋል። አበባው ሲያልቅ ሥሩ መከፈል አለበት። እንዴት ብዬ ስጠይቃቸው «በቃል አይሆንም፤ ከሚያውቅ ሰው እጅ ነው የምትማረው» አሉኝ።

ትናንት ሳፋውን ወደ ጥጉ አስጠጋሁት። በሥራ ሜትሬ ለካሁ። በወዲህኛው ግድግዳ በኩል አልጋ ይገባል፤ ከአልጋው ሆነው እጅ ቢዘረጉ ጣት ውሃው ጋ ይደርሳል። ቤታችን ፎቅ የለውም። መግቢያው ላይ አንዲት ደረጃ ነበረችው፤ እሷንም ቅዳሜ በሲሚንቶ ደልድዬ ተዳፋት አደረግኋት። መልስ ይጻፉልኝ አልልም። ይቅር ይበሉኝም ለማለት ገና አፌ አልደረሰም።

ፈጣሪ ጉልበትዎን ያጽናልኝ፤ የሚወጡትን ደረጃ ያሳንስልዎ። እህትዎን በብዙ ይባርክልኝ፤ እኔ የዘጋሁትን በር እሳቸው ከፍተዋልና።

አንድ ነገር ረሳሁ። ከዚያች ክፍል መስኮት ሥር ውጭ ቧንቧ አለ። ድምፁን ለምጄዋለሁ ብለውኝ ስለነበር ትንሽ አላላሁት። ጎረቤቶቼ የውሃ ሠራተኛው ቤት ያፈሳል ብለው ይስቁ።

ሸሚዝህ የት ገባ ተብሎ ያልተጠየቀው፣
ልጅዎ