በሸንጎ ፊት «ተሳስቻለሁ» ያሉት የጂኦሜትሪ መምህርት

መምህርት ሎሳሊኔ ቫይፑሉ ከአባታቸው ከጀልባ ሠሪው አይሳኬና ከእናታቸው ከመሌኣኔ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1951 በቶንጋ፣ በሃአፓይ ደሴቶች፣ በፋኦንጋ መንደር ተወለዱ። በ1972 ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው በዚያችው መንደር የአምስተኛና የስድስተኛ ክፍል ልጆችን ለሠላሳ ዘጠኝ ዓመታት ጂኦሜትሪ አስተማሩ። በ1975 ከዓሣ አጥማጁ ከፔኒሲማኒ ጋር ጋብቻ መሥርተው አራት ልጆች አፍርተዋል።

ክብና ሦስት ማዕዘንን ያስተማሩት ባሕሩ ሲሸሽ በሚቀረው እርጥብ አሸዋ ላይ ነበር። ጠጣር ምስሎችን ግን በተቀቀለ ካሳቫ አስተማሩ፤ ኪዩቡና ፒራሚዱ በቢላዋ ይቀረጻል፣ ጠርዙ ይቆጠራል፣ በትክክል የቆጠረ ይበላዋል። በካሳቫው ቀን ከትምህርት ቤት የቀረ ተማሪ ታይቶ አይታወቅም።

በ1983 በመንደራችን ድርቅ ገባ። የቀረን ውሃ በቤተ ክርስቲያኑ ክብ ታንከር ያለው ብቻ ስለነበር፣ የመንደሩ ሹም ስንት ቀን እንደሚያቆየን እንዲያሰሉልን ለመኗቸው። እሳቸውም በሸንጎ ቆመው መቶ ቀን ይበቃል አሉ። ሰዉ እፎይ ብሎ ልብሱን ማጠብ ጀመረ።

በማግስቱ ሂሳቡን በሰሌዳ ሲያሳዩ የአሥራ አንድ ዓመቷ ሲሲሊያ ክፍል ውስጥ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ የታንከሩን ሙሉ ስፋት ነው በራሱ ያባዙት። ግማሹን ነበር። ውሃው ለሃያ አምስት ቀን ነው የሚበቃው» አለቻቸው።

በእኛ ዘንድ ልጅ በሸንጎ አይናገርም፤ መምህርም ተሳሳትኩ አይልም። እሳቸው ግን ሂሳቡን ደግመው ሠርተው፣ የዚያኑ ዕለት ሸንጎውን አስጠርተው፣ ልጅቷን እጇን ይዘው ገቡ።

«ተሳስቻለሁ። ያረመችኝ እሷ ናት፤ እሷን ስሙ» አሉ።

ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ፤ ጥም ግን ማዕረግ አያውቅምና ሰሟት። አጠባው ቆመ፣ የየቤቱ ድርሻ በግማሽ ተቀነሰ። በአርባ ስድስተኛው ቀን ዝናብ ሲጥል በታንከሩ የቀረው አንድ ስንዝር አይሞላም ነበር። ይህን የምናነበው እኛ በሕይወት ያለነው በዚያ ድፍረታቸው ነው፤ እንኮራባቸዋለን።

በ2011 ጡረታ ወጡ። ዘንድሮ ባደረባቸው የልብ ሕመም ሆስፒታል ሳሉ፣ ዛሬ የስድስተኛ ክፍል መምህርት የሆነችው ሲሲሊያ ልትጠይቃቸው ሄደች። እሳቸውም ተማሪዎቿ ያርሟት እንደሆነ ጠየቋት።

«በዚህ ሳምንት ሁለቴ አረሙኝ፣ ቲቸር።»

ነርሷ እስክትቆጣ ድረስ ሳቁ። በሦስተኛው ቀን፣ ሐምሌ 9 ቀን 2023፣ በሰባ ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ አራት ልጆቻቸው፣ ዘጠኝ የልጅ ልጆቻቸውና ሊያርሟቸው ያልፈሩ ተማሪዎቻቸው ሁሉ ዛሬ እዚህ ቆመናል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ጥም በሌለበት ስፍራ ያሳርፍልን።