ቀመሯ ያላየው ማስታወሻ

ጥቅምት 4
ተራ ቀን። ዝናብ፣ የረጠበ ጫማ፣ ጥገና ክፍል። የምንጠግነው እያንዳንዱ ሊፍት ኮምፒውተሩ ላይ አንድ የማስታወሻ ሳጥን አለው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ሁሉም ቀንና ሰዓት እየጻፈ እዚያው ሲደርብበት ኖሯል። አለቃ ከየሳጥኑ የመጨረሻውን ማስታወሻ ብቻ አውጡልኝ አለ። አራት መቶ ሊፍት... በእጄ ሠላሳ ጨረስኩ። ወገቤ!

ጥቅምት 5
አዲሷ ሠራተኛ በአንድ ቀመር አራት መቶውንም ከሻይ ሰዓት በፊት አወጣችው። አለቃ «እስካሁን የት ነበርሽ?» አላት። እኔን በስድስት ዓመት እንዲህ ብሎኝ ያውቃል? ደግሞ «እትዬ» ትለኛለች... የምበልጣት በአራት ዓመት! ቅናት ነው? ነው። ለማን እዋሻለሁ።

ጥቅምት 6
ምሳ አብረው በሉ። ሳቃቸው ጠረጴዛዬ ድረስ ይሰማል።

ጥቅምት 9
አገኘሁባት። ቀመሯ የሚያወጣው ከታች ያለውን ነው። ሁሉም አዲሱን ከታች ይጽፋል... ከጋሼ በቀር። ሽማግሌው መካኒካችን አዲሱን ከላይ ነው የሚጽፉት፤ ደብዳቤ ሲመጣ ከክምሩ በላይ አይደል የሚቀመጠው ይላሉ። ስለዚህ ከሳቸው ሊፍቶች የወጣው ሁሉ ያረጀው ነው። ልንገራት? ምን በወጣኝ። ምቀኛ አታሳጣኝ ይላል ሰው፤ እኔ አላሳጣኋትም። ሰኞ ዝርዝሩ ሲታደል ጉድ ይፈላል። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ጥቅምት 11
ታደለ። ማንም ምንም አላለም። ጋሼ ፈቃድ ላይ ናቸው፤ ማን ያስተውል?

ጥቅምት 12
ጠዋት አለቃ አዲሷን ላካት። ተዘግተው ከቆዩት ሊፍቶች ዝርዝሩ «ደህና» የሚላቸውን ታስከፍት ተብሎ። የመጋዘኑ ሊፍት የጋሼ ነው... ሳጥኑን ከፈትኩ። ከታች፣ የዛሬ ሁለት ዓመት፦ «ተፈትሿል፣ ደህና ነው።» ከላይ፣ መስከረም 28፦ «ፍሬኑ ይንሸራተታል። ሰው እንዳይገባበት።»

ደወልኩላት። አታነሳም። በሦስተኛው አነሳች። «አትግቢ» አልኳት፤ ሌላ ቃል አልወጣኝም። በሩ ላይ ነበረች፣ አንድ እግሯ ውስጥ። ነገርኳት። ከዚያ...
«እትዬ፣ መቼ ነው ያወቁት?»
«አሁን» ልላት ነበር። ስልኩን ዘጋሁት።

ጥቅምት 13
ለአለቃ «ጥፋቱ የኔ ነው» ብላዋለች። ስለኔ ትንፍሽ አላለችም። በደግነቷም ቀናሁባት... ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ሁሉም ሲወጣ የመጋዘኑን ሊፍት ሳጥን ከፍቼ ጻፍኩ፦ «የዝርዝሩን ስህተት ያገኘሁት ጥቅምት 9፣ 10 ሰዓት ላይ ነው። ሦስት ቀን ለማንም አልተናገርኩም።» ስሜንም ጨመርኩ። ነገ ጠዋት አለቃ የጋሼን ሳጥኖች ራሱ ሊያይ ነው፤ ያነበዋል።