የእህትየዋ ወረቀት

ውድ እትዬ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? ደረጃ ስትወጪ አሁንም በግራ እግርሽ ነው የምትጀምሪው? እማዬ እንዴት ናት? ትናንት እንዴት ዋለች፣ ዛሬስ? ዛሬ የምለው ይህ ደብዳቤ እጅሽ የሚገባበትን ቀን ነው። ባለቤትሽን ጋሼን ያ ሳል ለቀቃቸው ወይ? ልጆቹስ? እኔ ደህና ነኝ። «ደህና ነኝ» የሚለውን ሁለት ጊዜ ጽፌ አንዱን ሰርዤዋለሁ፤ አንዱ ይበቃል።

መልስሽ ደርሶኛል። እማዬን ወደ እኔ እንድታመጪ ሰባት ምክንያት በቁጥር ደርድሬ ለላክሁልሽ ሦስት ገጽ የመለስሽልኝ አንድ መስመር ነው፦ «እሺ፣ እንዳልክ። በወሩ መጨረሻ ይዣት እመጣለሁ።» ሳነበው ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽሽም። ጠረጴዛዬን አውጥቼ አልጋዋን በመስኮቱ በኩል አነጠፍኩ። ሆስፒታሉ ከቤቴ በእግር አሥር ደቂቃ ነው። ይህ ምክንያት ቁጥር ሁለት ነበር።

አሁን ግን የምነግርሽ ስለ ሥራዬ ነው። «ምን እንደምታስተምር አንድ ቀን አስረዳኝ» ብለሽኝ ነበር። የሕግ ተማሪዎች አንቀጽ ሸምድደው ይመጣሉ፤ እኔ ደግሞ ባለጉዳይን ማዳመጥ፣ የተጣሉትን ማቀራረብ፣ እምቢ ያለን ሰው ማሳመን አለማምዳቸዋለሁ። ሁለት ተማሪዎች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ጉዳዩን የሚገልጸውን ወረቀት ሁለቱም ያነባሉ። ከዚያ ለእያንዳንዳቸው ሌላው የማያየው የምስጢር ወረቀት እሰጣለሁ። ሰውየው በልቡ የሚፈልገው፣ በአፉ ግን የማይለው ነገር እዚያ ላይ ተጽፏል። ጎበዝ ተማሪ መከራከር ከመጀመሩ በፊት ጠይቆ ጠይቆ ያን ነገር ያወጣዋል። ትምህርቱ በሙሉ ይኸው ነው።

ዘንድሮ የድሮዎቹን ጉዳዮች ከአምና ተማሪዎች ወርሰው በቃላቸው ያዙብኝ። አዲስ ሲቸግረኝ ያንቺንና የእኔን ሰጠኋቸው። አትቆጪ። ስም የለበትም፤ እማዬን አክስት አደረግኋት፣ ራሴን ነጋዴ። ወንድም ሩቅ፣ እህት ቅርብ፣ በመካከል የታመመች አሮጊት። የወንድምየው የምስጢር ወረቀት አንድ ገጽ ሞልቶ ተረፈ። የእህትየዋን ልጽፍ ተቀመጥኩ። «እህትየዋ በልቧ የምትፈልገው» ብዬ ጽፌ እስክሪብቶዬ ቆመ። ሻይ ጠጣሁ። መስኮት ከፈትኩ። ዘጋሁ። አንቺ ሃምሳ ሊሞላሽ ነው እትዬ፣ እኔም አርባ አራት፤ አንድ መስመር አጣሁ። በኋላ እመለስበታለሁ አልኩና ሳልመለስበት ከሌሎቹ ጋር ለኮፒ ሰጠሁት።

ወንድምየውን የሆነው «ይግባኝ» የሚሉት ልጅ ነው፤ የተሰጠውን ውጤት ተቀብሎ ስለማያውቅ ጓደኞቹ ያወጡለት ስም ነው። እህትየዋን የሆነችው ደግሞ «ሬዲዮ» ናት፤ በሳምንት አንድ ቃል ስለምትናገር። ይግባኝ እንዳስተማርኩት አደረገ። መጀመሪያ አመሰገናት። ቀጥሎ አስፈራት። ከዚያ መንገዱን አጥብቦ አጥብቦ ሁለት ምርጫ ብቻ አስቀረላት። በዘጠኝ ደቂቃ «እሺ» አለች። ክፍሉ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፣ እትዬ።

በልማዳችን ከክርክሩ በኋላ የተረታው ይጠየቃል። ምን አሳመነሽ አልኳት። «ምንም» አለች፤ «ደክሞኝ ነው።» ሳቅ ሆነ። ይግባኝ ከወንበሩ ተነስቶ «በእሺ ላይ ይግባኝ የለም!» ብሎ ጭራሽ አሳቃቸው። እሷ ግን ወረቀቷን ከፍ አድርጋ «መምህር፣ የኔ ባዶ ነው። እህትየዋ የምትፈልገው ነገር የለም ማለት ነው?» አለችኝ። የኮፒ ማሽኑ ስህተት ነው ብዬ ዋሸሁ። በምሳ ሰዓት ኮፒ የሚያነሱት ሽማግሌ ኮሪደር ላይ አቆሙኝ። «መምህሬ፣ የማሽኔን ስም አጠፉ አሉ። ባዶ ሰጡኝ፣ ባዶ አነሳሁ» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ማስተማር አልሆነልኝም። ሰሌዳው ላይ «ማሳመን» ብዬ እጽፍና ቆሜ አየዋለሁ። እማዬ ወድቃ ዳሌዋ የተሰበረ ጊዜ «አትንኩኝ» ብላ ነበር። አንቺም አይንኳት ብለሽ ነበር። እኔ ቀዶ ጥገና ይደረግላት ብዬ ከመምህራን ክፍል ስልክ ይዤ አርባ ደቂቃ ተከራከርኩሽ። አመሰገንኩሽ። አስፈራሁሽ። ሁለት ምርጫ አስቀረሁልሽ። ከበስተኋላሽ ውሃ ሲወርድ ይሰማ ነበር፤ እቃ እያጠብሽ ነበር መሰለኝ። «እሺ» አልሽ። ከቀዶ ጥገናው የወጣችው እማዬ ስምሽን አታውቅም። አንቺ እስከ ዛሬ አንድ ቀን «አንተ ነህ» አላልሽኝም። እኔ ግን ያን ዕለት ስልኩን እንደዘጋሁ ለባልደረባዬ «አሳመንኳት» ብዬ ነበር። ይህን ነግሬሽ አላውቅም።

እንግዲህ በወሩ መጨረሻ አታምጫት። ወይም አምጫት። አየሽ፣ እንዲህ ስልም የምገፋሽ ይመስለኛል፤ የምጽፈው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ክርክር ይሆንብኛል። ይቅርታ ልጠይቅሽም ጀምሬ ነበር። ጨርሼ ሳነበው ጥሩ የመዝጊያ ንግግር ሆኖ አገኘሁትና ቀደድኩት።

ያን የእህትየዋን ወረቀት አጥፌ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ከላይ «እህትየዋ በልቧ የምትፈልገው» ይላል፤ ከሥሩ ባዶ ነው። እማዬ ካንቺ እንድትለይ ካልፈለግሽ ጻፊው። ከብዳሽ እንደሆነም ጻፊው። እኔን ማየት አስጠልቶሽ ከሆነ እሱንም። ባዶውን እንዳይመለስ እፈራለሁ። መናገር ያስተውኩሽ እኔው ነኝና በማን እፈርዳለሁ?

ጋሼን እጅ ነሥቷል በይልኝ። ትልቋ ልጅሽ ፈተናው እንዴት እንደሆነላት ትጻፍልኝ፤ ሕግ አጠናለሁ ካለች ግን «ቆይ» በያት። የትንሿን ጉንጭ ሳሚልኝ። እማዬን ስታገላብጪ የምታግዝሽን ጎረቤታችንን ልብስ ሰፊዋን አመስግኚልኝ። ለእማዬ ምንም አትንገሪያት፤ እጇን ብቻ ያዢልኝ። አልጋው እንደተነጠፈ ነው፤ ልሰበስበውም ልተወውም አልቻልኩም። አንቺም እባክሽ እትዬ፣ የፈለግሽውን መልሺልኝ፣ ስደቢኝም፤ እሺ ብቻ አትበይኝ።

«ጠበቃው» የምትይው ወንድምሽ
ከሦስተኛው ፎቅ፣ ከመምህራን ክፍል
ኅዳር 14 ቀን