ለእንግዳ የተሰጠው አጎበር

ውድ ብርቄ፣

ከተለየሽን ወዲህ ሁለተኛው ጥቅምት ገባ። ዝናቡ አቁሟል፤ ከእሱ ጋር ያዳማ ቢምቢ ተመልሷል። ውሃ አሁንም በፈረቃ ነው የሚመጣው። ለበርሜሎቹ ክዳን አሠርቼላቸዋለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አራግፌ እፈትጋቸዋለሁ። ጎረቤቶቻችንን ውሃ ስላቆረ ጣሳና ጎማ ስለምነዘንዛቸው «ጋሼ ቢምቢ» የሚል ስም አውጥተውልኛል። ይበሉ።

ልጃችን ሰላም ወንድ ልጅ ወልዳለች። የምትታረሰው እዚሁ እኛ ቤት ነው።

አልደብቅሽም፣ እስካሁን ተናድጄብሻለሁ። ያኔ እህቴ ከደብረ ብርሃን ለሰላም ሠርግ ስትመጣ የኛን አጎበር ፈትተሽ ሰቀልሽላት። «ደገኛ ናት፣ ቢምቢ አታውቅም፤ እኛ ለምደነዋል» አልሽኝ። ወባ የሚለመድ ነገር እንዳልሆነ አውቅ ነበር። ተምሬያለሁ የምል ሰው ሌላ አጎበር መግዛት ሲገባኝ፣ ለሦስት ሌሊት ነው ብዬ ዝም አልኩ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ያንቀጠቅጥሽ ጀመር። የሠርግ ድካም ነው ብለን አስተኛንሽ። ሐኪም ቤት ስንደርስ ረፍዶ ነበር።

ባለፈው ሳምንት፣ በክርስትናው ዋዜማ፣ እህቴ ሁለት ልጆቿን ይዛ ሳትነግረን መጣች። የኔን አጎበር ለልጆቹ ሰቀልኩላቸው። ዞር ስል ሰላም ከነሕፃኑ የምትተኛበትን ለአክስቷ ልትሰጥ እየፈታች ነው። ከእጇ ነጥቄ መልሼ አሰርኩት።

«አባዬ፣ እንግዳ ፊት አሳፈርከኝ» አለችኝ።

እህቴ «ተይው፣ እንኳን አሳፈረሽ» አለቻትና የአጎበሩን ጫፍ ዙሪያውን ፍራሹ ሥር ወሸቀችው። እንባዋ ይወርድ ነበር። ያን ሌሊት እኔና እሷ የቢምቢ ቅባት ተለቅልቀን፣ እጅጌ ሙሉ ለብሰን፣ በዚያ ሙቀት ካልሲ አጥልቀን አደርን። በማግስቱ ሁለት አጎበር ገዛሁ።

ሰላም እስካሁን እንዳኮረፈች ናት። ለእንግዳ የራስን መስጠት ካንቺ የተማረችው ነው፤ ስህተት ነው ብሎ የነገራት ሰው የለም።

ብርቄ፣ ሰው ሁሉ ሲያነሳሽ የሚያወራው ስለ ደግነትሽ ነው። እኔም እስካለሁ አነሳዋለሁ። የልጅ ልጃችን ነፍስ ሲያውቅ ግን በምን እንደሞትሽ ሳልሸፋፍን እነግረዋለሁ። አያትህ ደግ ነበረች፤ እኔ ደግሞ መናገር ሲገባኝ ዝም አልኩ፣ እለዋለሁ።

ባለቤትሽ