ሹክሹክታችንን ወፍጮ ቤት ያስገባው ፕሮሰሰር

ለተከበሩ የሬዲዮ ጣቢያችን የቴክኒክ ዕቃ መራጭ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን አጥብቄ እየጠየቅሁ፣ የመረጡልንን ላፕቶፕ የያዘው ትኩሳት እርስዎን እንዳይነካዎ እጸልያለሁ። እኔ የድራማ ክፍሉ ድምፅ ቀጂ ነኝ፤ በአደባባይ የምጽፈውም ምስጋናዬ ቢሮ ውስጥ ታፍኖ እንዳይቀር ብዬ ነው።

፩. ሁለት ዓይነት ፕሮሰሰር ያላቸውን ላፕቶፖች ማወዳደርዎን ሰምተን ኮራን። አንደኛው ፈጣን፣ ባትሪ በላተኛ፣ ማራገቢያ ካልጮኸለት የማይሠራ፤ ሌላው ረጋ ያለ፣ ባትሪ ቆጣቢ፣ ማራገቢያ የሚባል ነገር ጭራሽ የሌለው። ፊልም ቶሎ በማቀናበር ፈጣኑ አሸነፈ። እሰይ! ሬዲዮ ጣቢያ ፊልም እንደማይሠራ በኮሚቴው ውስጥ ለአንድም ሰው ትዝ ስላላለው ደስታችን እጥፍ ሆነ።

፪. ስቱዲዮአችን ጠባብ ስለሆነች ላፕቶፑ ከማይክሮፎኑ ሥር ነው የሚቀመጠው፤ መቅዳት ስንጀምር ማራገቢያው ሊነሣ እንደተዘጋጀ አውሮፕላን ያጓራል። ደራሲያችን ግን መላ አያጣም! አትክልት ቦታ ይንሾካሾኩ የነበሩትን ፍቅረኞች ወፍጮ ቤት ወሰዳቸው። ሽማግሌዎቹ ዕርቅ ያወረዱት አውቶቡስ ውስጥ ነው። ሌባው እንኳ ኮቴውን አጥፍቶ መግባቱን ትቶ በሞተር ብስክሌት እየመጣ ይሰርቃል። አቤት የሳቅነው ሳቅ!

፫. አሁን ግን ሳቁ አብቅቷል። እማማ የምንላቸው አንጋፋዋ ተዋናይ ጡረታ ሊወጡ ነው፤ የመጨረሻ ሥራቸውም እናት ሆነው ልጃቸውን ይቅርታ ጠይቀው የሚሞቱባት የድራማችን ክፍል ናት። ድምፃቸው ሳስቷል፤ ከሹክሹክታ በላይ አይወጣም። እሳቸውን ወፍጮ ቤት ወስጄ ልገድል ነው እንዴ? አንጀቴ አይችልም!

ተሸናፊው ላፕቶፕ «ለተጨማሪ ጥናት» ተብሎ ጠረጴዛዎ ላይ ስላለ፣ የካርታ ጨዋታዎን ሲጨርሱ ለአንድ ጠዋት እንዲያውሱን ለምኜ ነበር። ጉዳዩ በስብሰባ እንደሚታይ ተነገረኝ። ስለ ጥንቃቄዎ እጅ እነሣለሁ።

ከማራገቢያው ጩኸት የሚበልጥ ጭብጨባ ይገባዎታል በማለት፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ ጆሮዬን በሁለት እጄ ድፍን አድርጌ፣

ታዛዥዎ ድምፅ ቀጂ

ተጨማሪ፦ ደብዳቤዬ ሳይወጣ ስብሰባው ተጠራ። እናንተ አዳራሽ ስትገቡ እኛ ክፍት በተዉት ቢሮዎ ገብተን እማማን በዚያ ላፕቶፕ ቀዳናቸው። እንዴት ያለ ጸጥታ መሰለዎ! ትንፋሻቸው ሳይቀር ተሰማ፤ ሁላችንም አለቀስን። ከግድግዳው ወዲያ ካለው የስብሰባ አዳራሽ ከሚመጣው የእርስዎ ማንኮራፋት በቀር ኮሽ ያለ ነገር አልነበረም። ደራሲውም ወዲያው ለሟቿ፣ አጠገቧ ተኝቶ ምንም የማይሰማ ባል ጻፈላት፤ ሲተላለፍ ስምዎን ከተዋንያኑ ጋር እናነባለን።