ዳንቴል የለበሰው ማሽን

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

የምጽፈው በአንድ ዐይኔ ማሽኑን እያየሁ ነው፤ ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረችው መስሏል።

ከትምህርት ቤት ስገባ አያቴ አባባ ከንፈራቸው ጠቁሮ፣ ትንፋሽ አጥሯቸው አገኘኋቸው። የኦክስጅን ማሽናቸው ጠፍቷል። በላዩ ላይ ዳንቴል ተደርቦበታል። ሴት አያቴ እማማ እቤታችን ውስጥ ዳንቴል ያላለበሱት ድመቷን ብቻ ነው። ዳንቴሉን ስገፍፈው ማሽኑ እንደ ፍም ይፋጃል፤ አየር መሳቢያው ታፍኖ ነው የጋለው። በደብተሬ እያራገብሁ አጎቴ ጋ ደወልሁ። ማሽኑን የገጠመው፣ ከስልኩም የሚከታተለው እሱ ነው፤ ኢንጂነር ነው።

«ስልኬ ላይ እኮ አረንጓዴ ነው የሚያሳየኝ፤ እየሠራ ነው» አለ ረጋ ብሎ።

«የአባባ ከንፈር ግን ጥቁር ነው!» ብዬ ጮህሁ።

እየሮጠ ሲደርስ ማሽኑ በርዶ ተነሥቶ ነበር። የአባባም ከንፈር መለስ ብሏል። ስልኩ ለካ የማሽኑ ኔትወርክ ከመቋረጡ በፊት ያየውን ነው ይዞ የቀረው።

እማማ ግን «እንግዳ ሲመጣ ራቁቱን ይቀመጥ?» ብለው ተቆጡ።

አጎቴ አልሳቀም። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ዕቃው ስለበራ ሥራዬ ያለቀ መስሎኝ ሳላስረዳችሁ ሄድሁ። ከእንግዲህ ስልኩን አትመኑ፤ አጠገቡ ሰው ይኑር» አለ።

የቱ ሰው? እሱ ሥራ አለው። የእማማ ጆሮ እንኳን የማሽኑን ጩኸት የቤተ ክርስቲያን ደወልም አይሰማም። እኔ ነገ ፈተና አለብኝ፤ እቀራለሁ ብል አባባ በጄ አላሉም።

«ሂጂ ልጄ፣ እኔው እጠብቀዋለሁ» አሉኝ።

ይህን ብለው ሳይጨርሱ እንቅልፍ ወሰዳቸው።