ካፖርቱን አስቀድሞ ላከው

ለወንድም ጋሼ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልህ አንድ ጥያቄ ስላለኝ ነው። በስልክ ላቀርብልህ ደጋግሜ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን በስልክ የጠየቅሁህን ሁሉ በሳቅ እንደምታልፈው፣ ሳቁ ሲያልቅብህም መስመሩ እየተቆራረጠ ነው እንደምትል ስለማውቅ ተውሁት። በወረቀት የሰፈረ ጥያቄ አይቆራረጥም፤ ጠረጴዛህ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል።

አስቀድሜ ግን ጤንነትህን ልጠይቅ። ሰውነትህ እንዴት ነው? መጋዘኑ ውስጥ ሣጥን ስታነሣ የሚይዝህ ወገብህ ተሻለህ? እንቅልፍህስ፣ ምግብህስ፣ ብርዱንስ እንዴት ይዘኸዋል? ጉሮሮህስ? ጉሮሮህን የምጠይቅህ ለወግ ያህል አይደለም፤ በዚህ ሰፈር ከመላ አካላትህ ይልቅ የተናፈቀው እሱ ነው።

እኛ ደኅና ነን። እኔ አሁንም በማተሚያ ቤቱ የሰው ጽሑፍ አርማለሁ፤ ከቀይ ብዕር ጋር ከመዋሌ የተነሣ ጣቴ ሁሉ ቀልቷል። እማዬም ደኅና ናት፤ የዓይኗ ሞራ ግን እየወፈረ ሄዶ አሁን ሰውን በድምፁ እንጂ በመልኩ አትለይም። በምስል ስትደውልልን ስልኩን ፊቷ ላይ ከመያዝ ይልቅ ጆሮዋ ላይ የምትለጥፈው ለዚህ ነው። አንተ የምታየው ጆሮዋንና የሻሿን ጠርዝ ብቻ ስለሆነ፣ ዛሬም ከጆሮሽ ጋር ነው የዋልኩት እያልህ ታስቃታለህ። ትስቃለች። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን ቶሎ ከጆሮዋ አታወርደውም፤ ይህን አንተ አታየውምና ልንገርህ።

ወሬው እንዲህ ነው። ጋሽ ትኬት ሲኒማ ቤቱን ሊዘጋ ነው። ትኬቱን ራሱ ሸጦ፣ በር ላይ ራሱ ቀዶ፣ ለሽንት ወጥቶ የተመለሰውን ሰው ደግሞ "ትኬትህስ?" ብሎ የሚያፋጥጠው ባለቤቱ፣ ዛሬ የሚያፋጥጠው ሰው አጥቷል። አዳራሹን ለሶፋ ነጋዴ አከራይቶታል። የመጨረሻው ፊልም የሚታየው ሰኔ ዐሥራ አራት ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው፤ በማግስቱ ወንበሮቹ ይነቀላሉ። እኛ እንቀመጥበት የነበረው፣ ስፖንጁ ወጥቶ እማዬ በመርፌ የጠቀመችው ወንበርም አብሮ ይነቀላል።

ሳይታገል አልተሸነፈም። ባለፈው ወር ያለ የሌለ ተስፋውን በባለ ካፖርቱ አዲስ ፊልም ላይ ጥሎ ነበር። ባለ ካፖርቱ ብለህ የሰየምኸው አንተ ነህ፤ የዚያ ዝነኛ ተዋናይ እውነተኛ ስም ለአፋችን ስለከበደ፣ በሰፈራችን እስከ ዛሬ የሚጠራው አንተ ባወጣህለት ነው። የእሱ ፊልም መጣ የተባለ ቀን ሰልፉ ከጸጉር አስተካካዩ ደጅ አልፎ ዳቦ ቤቱን ይዞር እንደነበር ትዝ ይልሃል። ጎረምሳው ሁሉ እንደ እሱ ኮሌታውን አቁሞ በሙቀት ይቀቀል ነበር። አሁን ግን ምስሉ ግድግዳ አክሎ ተሰቅሎ ሳለ፣ ሁለት ተማሪዎች ከሥሩ ቆመው "ይሄ አባት ደግሞ ማነው?" ሲባባሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በዕለቱ የገባው ሰው የፊቱን ረድፍ እንኳ አልሞላም፤ ከገቡትም ከፊሎቹ ከዝናብ ሊጠለሉ የገቡ ነበሩ። ጸጉር አስተካካዩ ይህን አይቶ፣ ከባለ ካፖርቱ ይልቅ ዝናቡ ሰው ይስባልና ምስሉን አውርደህ ደመና ስቀል እያለ ጋሽ ትኬትን ሲያበሽቀው ዋለ።

ጋሽ ትኬት ጥፋቱን ሁሉ በስልክ ላይ ያላክካል። እኔም በመጠኑ እስማማ ነበር። ድሮ ባለ ካፖርቱን ለማየት ከዓመት ዓመት እንጠብቅ ነበር፤ አሁን በየማለዳው በየሰዉ ኪስ ውስጥ ሆኖ ቁርሱን፣ ካልሲውን፣ የውሻውን ገላ መታጠብ ያሳያል። ከፊታችን ዞር የማይል ሰው እንዴት ሊናፈቅ ይችላል ብዬ አስቤ ነበር። ሆኖም ይህ ሐሳቤ አንተ ላይ ሲደርስ ፈረሰብኝ። አንተም በየሳምንቱ በዚያው ስልክ ትመጣለህ፤ ናፍቆታችን ግን ቅንጣት አልቀነሰም። እንግዲያው ሰው የሚናፍቀው መልክን ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ደግሞስ ያንን ሰልፍ ያሰለፈው ባለ ካፖርቱ ብቻ አልነበረም። ፊልሙ በባዕድ ቋንቋ ነው፤ ከአንተ በቀር ቋንቋውን የሚሰማ አልነበረም። አንተ ከሸራው ጎን ቆመህ፣ ማይክሮፎኑን በመሐረብ ጠቅልለህ፣ ለጀግናውም ለክፉውም ለአሮጊቷም፣ አንዳንዴም ለፈረሱ ሳይቀር ትናገርላቸው ነበር። ከቆርቆሮው ቀዳዳ የምትገባው ጨረር ትከሻህ ላይ ስታርፍ፣ አቧራው በጨረሯ ውስጥ ሲጨፍር፣ እኔ ከፊልሙ ይልቅ አንተን አይ ነበር። ሰውም ትኬት ከመቁረጡ በፊት የሚጠይቀው ማን እንደሚሠራ ሳይሆን ማን እንደሚተረጉም ነበር። ከሄድህ በኋላ በሸራው ግርጌ የተጻፈ ትርጉም መጣ፤ ቶሎ ማንበብ የቻለው አነበበ፣ ያልቻለው ቤቱ ቀረ።

ለመጨረሻው ቀን የሰፈሩ ሰው የመረጠው ያንን አሮጌውን የባቡር ጣቢያ ፊልም ነው፤ ባለ ካፖርቱ ስሙን ያገኘበትን። ጋሽ ትኬት እስከ ማተሚያ ቤቱ ድረስ መጥቶ፣ ቋንቋውን ተምረሻልና ወንድምሽን ተክተሽ አንቺ ተርጉሚልን ሲል ለመነኝ። እሺ አልሁ። እንደ ልማዴ ተዘጋጅቼ ለመቅረብ ከሲኒማ ቤቱ ቢሮ ተቀምጬ ፊልሙን ከመጀመሪያው እያቆምሁ ተረጎምሁት። መጨረሻው ላይ ስደርስ ግን ብዕሬን አስቀመጥሁ።

ታስታውሰዋለህ፤ እናቲቱ ሩቅ አገር የሄደ ልጇን በየቀኑ ጣቢያው ላይ ቆማ ትጠብቃለች። በመጨረሻ ባቡሩ ይመጣል፤ የሚወርደው ግን ልጇ ሳይሆን የልጇን ካፖርት በክንዱ የያዘ እንግዳ ሰው ነው። አንተ ያን ጊዜ በእንግዳው አፍ እንዲህ አልህ፦ "ካፖርቱን አስቀድሞ ላከው፤ እሱ በሚቀጥለው ባቡር ይመጣል።" አዳራሹ በጭብጨባ ሲናወጥ ዛሬም ይሰማኛል። እንግዳው በእርግጥ የሚናገረው ግን ሌላ ነው። ልጁ እስከ መጨረሻዋ እስትንፋሱ ስሟን ሲጠራ እንደነበር ነው የሚነግራት።

ለምን እንደለወጥኸው ለመረዳት አልተቸገርሁም። አባታችንን የቀበርንበት ዓመት ነበር። እማዬ ከሐዘኑ በኋላ ከቤት የወጣችው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሆን፣ ገና ከፊልሙ መሐል ጀምራ ታለቅስ ነበር። አጠገቧ ነበርሁ፤ ያችን ቃል ስትሰማ እጄን እንዴት አጥብቃ እንደያዘችው አልረሳውም። የሰውን ቃል ሳልጨምርና ሳልቀንስ ማሳለፍ ሙያዬ ቢሆንም፣ በዚያች ቃል አልወቅስህም።

ጸጉር አስተካካዩ ግን ወቅሶሃል። ፊልሙን በስልኩ ከነጽሑፉ አይቶት ኖሮ፣ በደጁ ሳልፍ ጠርቶ፣ "ወንድምሽ ስንት ዘመን ሲሸውደን ኖሯል፤ ሰውዬው እኮ ሞቷል" አለኝ። ግማሽ ጢሙ የተላጨ፣ ግማሹ ገና አረፋ የሆነ ደንበኛው ከወንበሩ ቀና ብሎ፣ "ከሞተ በአንተ ስልክ ይሙት፤ እዚህ ሰፈር አልሞተም" አለው። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ነገሩም በዚሁ ባለፈ ነበር፣ እቤታችን ካፖርት ባይኖር ኖሮ።

ባለፈው የብርድ ወራት ካፖርትህን በመንገደኛ እጅ ለእማዬ ልከህላት ነበር። እንዲሞቃት ብሎ ነው የላከው ሲል መንገደኛው ነግሮናል። እማዬ ግን አንድ ቀን እንኳ አልለበሰችውም። ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ሰቅላ እየዳበሰች ትቦርሸዋለች። ብርድ ሲያንቀጠቅጣት ልበሺው ብላት፣ የሰው ልብስ ነው፣ ባለቤቱ መጥቶ ይልበሰው ትለኛለች። ቀልድ መስሎኝ ነበር። ኋላ አክስታችን መጥታ ስለ አንተ ስትጠይቃት ግን "ካፖርቱን አስቀድሞ ላከው" ስትል ሰማኋት። ቀሪውን መናገር አላስፈለጋትም፤ ቀሪውን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ከዚያ ወዲህ ፍራሽህን እያወጣች ፀሐይ ታስመታዋለች። ይህስ ባልከፋ። የቀዶ ሕክምና ተራዋ ደርሶ ከሆስፒታል ሲጠሯት ግን፣ "ልጄ ሲመጣ እገባለሁ፤ ዓይኔ ሲገለጥ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው" ብላ ተራዋን ለሌላ ሰው ለቀቀች። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ፣ ብዙ ከዘገየ ነገሩ እንደሚከብድ ነግሮኛል። ተራዋን መልቀቋን አንተ እንድትሰማባት አትፈልግም፤ እኔ ግን እንዳልነግርህ ቃል አልገባሁላትም። ቅዳሜ ዕለትም ይዣት እንድሄድ ጠይቃኛለች። ባላይም እሰማለሁ፣ መጨረሻውን ግን ወንድምሽ እንዳለው አድርገሽ በይው ብላ አደራ ሰጥታኛለች።

ጭንቀቴን ተረዳልኝ። ልጁ ሞቷል ብዬ በእሷ ፊት አልናገርም። በሚቀጥለው ባቡር ይመጣል ማለትንም እውነት መሆኑን ሳላውቅ አልደፍረውም፤ አንተ ያን ቀን የተናገርኸው ስለ ፊልሙ ልጅ ነበር፣ እኔ ቅዳሜ የምናገረው ግን ለእሷ ስለ አንተ ነው። ዝም ብልም አያድነኝም፤ ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ዝምታን እንደ እሷ አጥርቶ የሚሰማ የለም።

ስለ ራሴ ላለመጻፍ ወስኜ ነበር። ቢሆንም እማዬ ስትወጣ ጠብቄ እኔም ካፖርቱን አንዳንዴ አወርደዋለሁ። የግራ ኪሱ ተቀዶ በነጭ ክር ተሰፍቷል፤ ስፌቱ ጠማማ ስለሆነ የአንተ እጅ መሆኑን አወቅሁ። ጥቁር ክር አውሱኝ የምትለው ጎረቤት አጥተህ ነው? እጄን እዚያ ኪስ ውስጥ ከትቼ ጥቂት እቆምና መልሼ እሰቅለዋለሁ።

እማዬ ሁለቱንም ጉንጮችህን ትስምሃለች። አክስታችን በስልክ ካየችህ ወዲህ ከስቷል እያለች ታማሃለች፤ ሰላምታዋ ይድረስህ። ጸጉር አስተካካዩ፣ ቂሜ ሳይለቀኝም ቢሆን ሲመጣ ጸጉሩን በነጻ አስተካክለዋለሁ ብሏል። ጋሽ ትኬትም ሲመጣ ያለ ትኬት አስገባዋለሁ በዪልኝ ካለ በኋላ፣ የሚያስገባበት እንደማይኖረው ትዝ ሲለው አንገቱን ደፋ። አብሮህ ለሚኖረው ዳቦ ጋጋሪ፣ ለአከራይህ ወይዘሮና ለልጆቿ በሙሉ የከበረ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ደብዳቤውን የሚያደርስልህ ካፖርቱን ያመጣልን ያው መንገደኛ ነው። መልሱን ግን በድምፅህ ቀድተህ በስልክ ላክልኝ። የምትመጣ ከሆነ ያችን የመጨረሻ ቃል በራስህ አንደበት ተናገራት፤ ቅዳሜ እንግዳው ከባቡሩ ሲወርድ ስልኬን ከማይክሮፎኑ አስጠግቼ አሰማታለሁ። የማትመጣ ከሆነም ሳትሸፋፍን ንገረኝ፤ የሆስፒታሉን ተራ መልሼ አስይዛለሁ፣ ካፖርቱንም በገዛ እጄ አለብሳታለሁ። ሁለቱንም እችላለሁ፤ ያልቻልሁት አለማወቅን ነው። ካፖርቱን ለምን ላክኸው? እስከ ሰኔ ሰባት ቀን ድረስ አሳውቀኝ።

እህትህ

ከእማዬ ቤት፣ ግንቦት ዐሥራ ሰባት ቀን